ለንደን የደሴት ምክር ቤት ስትዘጋ፦ የተርክስና ካይኮስ ጉዳይ

ባለ ሚዛኑ፦

ጤና ይስጥልኝ። አንድ ጉዳይ ላይ ሐሳባችሁን ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ኦገስት 14 ቀን 2009 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ብሪታንያ በአንድ የባሕር ማዶ ግዛቷ የተመረጠውን ምክር ቤት ዘጋች። ካቢኔውን በተነች። የሁለቱንም ሥልጣን ጠቅልላ ከለንደን ለተላከው አገረ ገዥ ሰጠች። ግዛቱ ተርክስና ካይኮስ ይባላል። ከባሃማስ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለ የደሴቶች ስብስብ ነው። አርባ ያህል ደሴት አለው፣ ሰው የሚኖረው ግን ስምንቱ ላይ ብቻ ነው። በ2012 ቆጠራ ሕዝቡ 31 ሺህ ገደማ ነበር። ድምፅ የሚሰጠው ከአስር ሺህ በታች ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንመጣበታለን።

እንዴት እዚያ ተደረሰ? በ2006 ደሴቶቹ አዲስ ሕገ መንግሥት አገኙ። ዋና ሚኒስትር ይባል የነበረው ፕሪሚየር ሆነ። የመጀመሪያው ፕሪሚየር ማይክል ሚሲክ ናቸው። በፌብሩዋሪ 2007 ምርጫ ፓርቲያቸው ፒኤንፒ ከ15 መቀመጫ 13ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ጊዜው ሆቴልና ቪላ እንደ ጉድ የሚሠራበት ነበር። የባሕር ዳር መሬት ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ብዙው መሬት ደግሞ የዘውዱ፣ ማለትም የመንግሥት ነው። ተወላጆች በቅናሽ ያገኙታል፣ አንዳንዱ ተቀብሎ ወዲያው ለአልሚ ይሸጠዋል። ማን ያገኛል፣ በስንት ያገኛል የሚለውን የሚወስኑት ሚኒስትሮች ነበሩ።

በ2008 የብሪታንያ ምክር ቤት የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ስለ ግዛቶቹ ሪፖርት አወጣ። ተርክስና ካይኮስ ላይ ሰው ለመናገር እንደሚፈራ ጻፈ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱንም ዳር ቆመህ አይተሃል ብሎ ወቀሰ። ከዚያ ሰር ሮቢን ኦልድ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የይግባኝ ዳኛ የምርመራ ኮሚሽን እንዲመሩ ተላኩ። በ2009 መጀመሪያ ከደሴቶቹ አንዷ በሆነችው ፕሮቪደንሲያሌስ ላይ በግልጽ ችሎት ምስክር ሰሙ። መደምደሚያቸው፣ ሥር የሰደደ ሙስና መኖሩ እጅግ የሚያመዝን ነው የሚል ነበር። ሚሲክ ማርች ላይ ሥልጣን ለቀቁ። የቀረበባቸውን ሁሉ አልተቀበሉም። እገዳውን በፍርድ ቤት ለማስቆም ሞክረው አልተሳካላቸውም።

የእኔ ነጥብ ይኼ ነው። ሙስናው አልነበረም አልልም። ግን በሕጉ መሠረት የካቢኔውን ስብሰባ በሊቀመንበርነት የሚመራው አገረ ገዥው ነበር። የሕዝብ አገልግሎቱ ሹመት በእሱ እጅ ነው። ፖሊስና የውስጥ ጸጥታ በእሱ እጅ ነው። ያ ሁሉ መሬት ሲታደል የለንደን ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጉዱ ሲፈነዳ ግን የተቀጣው ማን ነው? ድምፅ የሰጠው ሕዝብ። ሥልጣኑ የጨመረው ማን ነው? አገረ ገዥው። ይኼ ያንገበግበኛል። እናንተስ?

ዘውዲቱ ከለንደን፦

ወንድሜ ባለ ሚዛኑ፣ አጻጻፍህ ደስ ይላል፣ ሐሳብህን ግን አልቀበልም።

እስቲ ሌላ መንገድ አሳየኝ። ከ15 ወንበር 13ቱ የአንድ ፓርቲ ከሆነ ማን ነው ማንን የሚጠይቀው? ሁለት ተቃዋሚ? አገሩ ትንሽ ነው፤ ሚኒስትሩ የአንዱ አጎት ነው፣ የሌላው የክርስትና አባት ነው፣ የሦስተኛው የቤት አከራይ ነው። ጋዜጠኛው ማታ ላይ ካቢኔው ጋር አንድ ሠርግ ላይ ይገናኛል። ኮሚቴው ሰው ይፈራል ያለው ዝም ብሎ አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ ቀጣዩን ምርጫ ጠብቁ ማለት መሬቱ እስኪያልቅ ጠብቁ ማለት ነው።

ገንዘቡንም አትርሳው። በ2009 ግምጃ ቤቱ ደርቆ ነበር። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ቀውስ ሆቴሉን መታ፣ ወጪው ግን እንደ ጥጋቡ ዘመን ነው። በኋላ ብሪታንያ ለ260 ሚሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆናለች። እኔ እዚህ ግብር እከፍላለሁ። ዋስ የሆነ ሰው ደብተሩን ልይ ቢል ምን ነውር አለው?

ናቲ ጉለሌ፦

ይቅርታ፣ ከሥሩ ልጠይቅ። ፓርቲዎቹ በምንድነው የሚለያዩት? ግራና ቀኝ አላቸው? ደግሞ 31 ሺህ ሰው ውስጥ አስር ሺህ የማይሞላ መራጭ እንዴት ይሆናል? ልጆቹን ብንቀንስ እንኳ አይሞላልኝም።

ባለ ሚዛኑ፦

ናቲ፣ ግራና ቀኝ ብለህ ብትፈልግ አታገኝም። ሁለቱም ቱሪዝም ይላሉ፣ ሁለቱም የገቢ ግብር እንዳይመጣ ይላሉ፣ ሁለቱም ስለ ስደተኛ አጥብቀው ይናገራሉ። ልዩነቱ የታሪክና የቤተሰብ ነው። አባቱ የማን ደጋፊ ነበር ብለህ ብትጠይቅ ይቀልልሃል።

ታሪኩ ግን ልብ የሚነካ ነው። ፒዲኤም የሚባለውን ፓርቲ የመሠረተው ጄምስ ማካርትኒ የሚባል ወጣት ነው፤ ጃግስ እያሉ ነው የሚጠሩት። በ1976 የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሲመጣ ምርጫ አሸንፎ በ31 ዓመቱ ዋና ሚኒስትር ሆነ። የነፃነት ሰው ነበር። በ1980 ከለንደን ጋር ተስማማ፦ ፓርቲው የዚያን ዓመት ምርጫ ካሸነፈ ደሴቶቹ በ1982 ነፃ አገር ይሆናሉ። ምርጫው ሳይደርስ በሜይ ወር ኒው ጀርሲ ላይ አውሮፕላን ተከስክሶ ሞተ። ኖቬምበር ላይ ፒኤንፒ አሸነፈ፣ የነፃነቱ ነገር እዚያው ቀረ። ዛሬ የግዛቱ ብሔራዊ ጀግና እሱ ነው። ደሴቶቹ ግን አሁንም የብሪታንያ ናቸው።

አሸናፊው የፒኤንፒ መሪ ኖርማን ሳንደርስ በማርች 1985 ማያሚ ላይ በአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ተይዘው ተፈረደባቸው። በ1986 ሌላ ምርመራ ተካሄደ። ያኔም የሚኒስትሮች አስተዳደር ታገደ፣ እስከ 1988 ምርጫ ድረስ። ማለትም 2009 ሁለተኛው ነው። አንድ ትውልድ በዕድሜው ሁለት ጊዜ መንግሥቱ ከላይ ሲወሰድበት አይቷል። ሳንደርስ ደግሞ ታስረው ወጥተው በ1995 በግል ተወዳድረው ምክር ቤት ተመለሱ። የሰፈራቸው ሰው መረጣቸው።

የመራጩን ነገር ሌላ ሰው ቢመልስልህ ይሻላል።

መርከበኛው፦

የመራጩን እኔ ልመልስ። ክሩዝ መርከብ ላይ ስሠራ ግራንድ ተርክ ደጋግመን ቆመናል። ዋና ከተማዋ ኮክበርን ታውን እዚያ ናት። ከመርከቡ ማረፊያ ወጣ ብለህ ከተማው ስትደርስ ሌላ ዓለም ነው። መሐል ላይ የድሮ የጨው ማምረቻ ኩሬዎች አሉ፣ ውሃቸው ቀይ ቡናማ፣ ዙሪያቸው የድንጋይ ካብ። አህዮች መንገድ ላይ በነፃ ይዞራሉ። ድሮ ጨው ይጎትቱ የነበሩት ዘሮች ናቸው፤ የጨው ሥራው ሲቆም ባለቤት አልባ ቀሩ። መኪና በግራ ይነዳል፣ ገንዘቡ የአሜሪካ ዶላር ነው፣ ፖስታ ቤት ግድግዳ ላይ የነበረው ፎቶ የንግሥቲቱ ነው።

እዚያ ድሮ ቢሎንገር፣ አሁን በሕጉ አይላንደር የሚባል ደረጃ አለ። የግዛቱ ሙሉ ባለ መብት ማለት ነው። ድምፅ የሚሰጠው፣ ለምርጫ የሚቀርበው፣ የዘውድ መሬት በቅናሽ የሚያገኘው እሱ ብቻ ነው። ከነዋሪው ብዙው ግን ከሄይቲ፣ ከዶሚኒካን፣ ከጃማይካ፣ ከፊሊፒንስ የመጣ ሠራተኛ ነው። ሆቴሉን የሚያጸዳው፣ ግንባታው ላይ ያለው እሱ ነው። ወደብ ላይ የማውቀው አንድ የሄይቲ ሰው ልጆቹን እዚያው ወልዶ አሳድጓል። ምርጫ ሲመጣ የሁለቱም ፓርቲ መኪና ሙዚቃ እየለቀቀ በቤቱ በር ያልፋል፣ እሱን የሚያናግረው የለም።

ስለዚህ ለንደን የሕዝቡን ድምፅ ወሰደች ስትሉ እሱን አስቡት። እሱ ከ2009 በፊትም በኋላም ምንም አልተለወጠበትም።

ጋሽ አበራ (ጡረተኛ)፦

ልጆች፣ ደስ የሚል ክርክር ነው። መርከበኛው ያልከው ነገር ከሁሉ በላይ ከብዶኛል፣ ተባረክ።

አንድ ነገር ልጨምር። ይኼ ጉዳይ እኛ አገር ጭራሽ አይመለከተንም የምትሉ ካላችሁ፣ በተባበሩት መንግሥታት ራሳቸውን የማያስተዳድሩ ግዛቶችን የሚከታተል ልዩ ኮሚቴ አለ። በ1961 የተቋቋመ ነው፣ ኢትዮጵያም አባል ናት። በመዝገቡ ላይ ዛሬ 17 ግዛት አለ። አሥሩ የብሪታንያ ናቸው፣ ተርክስና ካይኮስ አንዱ ነው። ስለዚህ የእኛም ዲፕሎማት በየዓመቱ በዚህ ጉዳይ ላይ አብሮ ይቀመጣል።

ግን ቅኝ ግዛትና ነፃነት ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። አንጉዊላ የምትባለውን የካሪቢያን ትንሽ ደሴት ተመልከቱ። በ1967 ብሪታንያ ከሴንት ኪትስና ከኔቪስ ጋር አንድ አስተዳደር ውስጥ አስገባቻት። የአንጉዊላ ሰው እምቢ አለ። በሴንት ኪትስ ተረስተናል፣ መንገድም ስልክም የለንም ብሎ የሴንት ኪትስን ፖሊሶች ከደሴቱ አባረረ። ሕዝበ ውሳኔ አደረገ፦ ለመገንጠል 1,813፣ ተቃውሞ 5። በማርች 1969 ለንደን ፓራሹተኛ ወታደርና የለንደን ከተማ ፖሊስ ላከች። ባሕር ዳር ሲወርዱ የጠበቃቸው ጋዜጠኛ ነው፣ አንዲት ጥይት የተኮሰባቸው የለም። ሰዎቹ የፈለጉት ከሴንት ኪትስ ወጥቶ በቀጥታ በብሪታንያ ሥር መሆን ነበር። በ1980 በሕግ ተለዩ። ትንሽ ሕዝብ አንዳንዴ ከሩቁ ጌታ ይልቅ የቅርቡን ጎረቤት ይፈራል። ዘውዲቱ ልጄ ያለችው የሰፈር ፍርሃት እውነት ነው።

ሰናይት ቦስተን፦

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን።

እኔ ግን ባለ ሚዛኑ ጋር ነኝ፣ ማስረጃዬም የብሪታንያ ቨርጂን ደሴቶች ናቸው። ጎረቤት ግዛት ናቸው ማለት ይቻላል፣ ሕዝቡም ሠላሳ ሺህ ገደማ ነው። በጃንዋሪ 2021 አገረ ገዥው የምርመራ ኮሚሽን አቋቋመ፣ ሰር ጋሪ ሂኪንቦተም መሩት። ሪፖርቱ በኤፕሪል 2022 ለአገረ ገዥው ደረሰ፤ ገና ሳይታተም ጉድ መጣ። ኤፕሪል 28 ፕሪሚየሩ አንድሩ ፋሂ ማያሚ አጠገብ ባለ የአውሮፕላን ማረፊያ ተያዙ። የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ፖሊሶች ያሰማሩት ሰው የሜክሲኮ ካርቴል (የዕፅ ነጋዴ ቡድን) አባል መስሎ ነበር የቀረባቸው። በግል አውሮፕላን ውስጥ 700 ሺህ ዶላር አሳይተዋቸዋል። ኮኬይን በወደቡ እንዲያልፍ ነው የተከፈለው ተባለ። በ2024 ጥፋተኛ ተብለው ከ11 ዓመት በላይ ተፈረደባቸው።

በተያዙ ማግስት ሪፖርቱ ወጣ። ምክሩ የተርክስና ካይኮስ ቅጂ ነው፦ ምክር ቤቱ ይታገድ፣ አገረ ገዥው ለሁለት ዓመት ያስተዳድር። ሕዝቡ ግን ዋና ከተማው ሮድ ታውን ላይ ሰልፍ ወጣ። ሰልፈኞቹ ፋሂን ደግፈው አይደለም የወጡት፣ ድምፃችንን አትንኩ ነው ያሉት። ምክትሉ ናታሊዮ ዊትሊ ተቃዋሚዎቹን ጠርተው የአንድነት መንግሥት አቋቋሙ። ፕሪሚየር ሆኑ። ጁን ላይ ለንደን ምክር ቤቱን አልዘጋም፣ ማሻሻያውን በጊዜው ከፈጸማችሁ ይበቃል አለች። በ2023 ሰዉ ወጥቶ መረጠ።

ዘውዲቱ እህቴ፣ ሌላ መንገድ አሳየኝ ብለሽ ነበር። ይኸው።

ዘውዲቱ ከለንደን፦

ሰናይትዬ፣ አንድ ነገር ዘለልሽ። የእገዳው ትእዛዝ ተረቅቆ፣ ጸድቆ፣ ቀን ብቻ ሳይጻፍበት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ያ ወረቀት ባይኖር ተቃዋሚና ገዥ ፓርቲ በሳምንት ውስጥ አንድ ካቢኔ ይሠሩ ነበር? እኔ አይመስለኝም። የአንድነት መንግሥቱን የወለደው የ2009ኙ ምሳሌ ነው። ተርክስና ካይኮስ ላይ የሆነውን ስላዩ ነው የተደናገጡት።

ሁለተኛ፣ በእገዳው ዘመን የተሠራውንም እዩ። መሬት የሚሰጥበት ሕግ ተቀየረ። የባለሥልጣናትን ሀብት የሚመዘግብ ኢንተግሪቲ ኮሚሽን ተጠናከረ። ልዩ የሕግ ባለሙያዎች ቡድን በሕገ ወጥ መንገድ የወጣ መሬትና ገንዘብ እያስመለሰ ለሕዝቡ ሰጠ። ይኼን የሚኒስትሩ የአጎት ልጅ ቢሮ ውስጥ ሆኖ ማን ይሠራው ነበር?

ጣና ዳር፦

የፈረንሳይን መንገድ ማንም አላነሳም። ማርቲኒክ፣ ጓዴሎፕ፣ ሬዩንዮን፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ ማዮት የፈረንሳይ አካል ናቸው። ፓሪስ ምክር ቤት ውስጥ እንደራሴ አላቸው፣ ፕሬዚዳንት ይመርጣሉ። የብሪታንያዎቹ ግን ለንደን ምክር ቤት ውስጥ አንድም ወንበር የላቸውም። ከ2002 ጀምሮ ሙሉ የብሪታንያ ዜግነት አላቸው፣ ፓስፖርቱ ኪሳቸው ነው። ሆኖም ምክር ቤታቸውን የዘጋውን መንግሥት መምረጥም መሻርም አይችሉም። ለእኔ ቁስሉ እዚህ ላይ ነው።

ናቲ ጉለሌ፦

ታዲያ ለምን ነፃ አይወጡም? ወይም ሙሉ በሙሉ አይቀላቀሉም? መሐል ላይ መቆም ምንድነው?

ጋሽ አበራ (ጡረተኛ)፦

ናቲ ልጄ፣ ጠይቀዋቸው ያውቃሉ። ቤርሙዳ በ1995 ነፃነት ላይ ድምፅ ሰጠ፣ ሦስት አራተኛው ገደማ አንፈልግም አለ፣ ነፃነቱን የገፋው ፕሪሚየር ጆን ስዋን ሥልጣን ለቀቀ። ፎክላንድ በ2013 ጠየቁ፣ በብሪታንያ ሥር እንቆይ የሚለውን የተቃወመው 3 ሰው ብቻ ነው። (ፎክላንድ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፤ ስምንቱም የምክር ቤት አባላት በግል ነው የሚወዳደሩት። ይኼም ለብቻው ክር ይወጣዋል።) አውሎ ነፋስ ሲመጣ መርከብ የሚልክ ይፈልጋሉ። ፓስፖርቱን ይፈልጋሉ። የራሳቸውን ግብርና የራሳቸውን መሬት ደግሞ ራሳቸው መወሰን ይፈልጋሉ። መሐል መቆማቸው ስላልገባቸው አይደለም፣ አስልተውት ነው።

ባለ ሚዛኑ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዘውዲቱ፣ መሬቱ ተመለሰ፣ ሕጉ ተሻሻለ ያልሽው እውነት ነው፤ ለመርከበኛው ወዳጅም መልስ የለኝም፣ የእሱን ጉዳይ ለንደንም ደሴቶቹም እኩል ረስተውታል። ግን ያላነሳችሁት አንድ ነገር አለ፣ እኔ ከሁሉ በላይ የሚያስቆጣኝ እሱ ነው።

ጁሪውስ? (ከተራው ሕዝብ ተመርጠው ተከሳሹ ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚፈርዱት ሰዎች ማለቴ ነው።) በ2009 ትእዛዝ ምክር ቤቱ ብቻ አይደለም የታገደው። በጁሪ የመዳኘት መብትም ከሕገ መንግሥቱ ተነሣ። ምክንያቱ፣ ትንሽ አገር ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል፣ ከአድልዎ ነፃ የሆነ ሰው አይገኝም የሚል ነበር። ይኼን ቆም ብላችሁ አስቡት። አንድ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ለመምረጥም ለመፍረድም አይበቃም ተባለ። እንግሊዝ ውስጥ የአንድ ከተማ ምክር ቤት ቢሰርቅ የከተማው ነዋሪ በጁሪ የመዳኘት መብቱን ያጣል? የካሪቢያን አገሮች ማኅበር ካሪኮም እገዳውን የተቃወመው ያለ ነገር አልነበረም።

ችሎቱስ ምን አመጣ? ሚሲክ አገር ለቀው ወጡ። በዲሴምበር 2012 ብራዚል ላይ ተያዙ፣ በጃንዋሪ 2014 ተመለሱ። እሳቸውና የቀድሞ ሚኒስትሮቻቸው ያለ ጁሪ ፍርድ ቤት ቆሙ። ፈጣን ይሆናል የተባለው ጉዳይ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓተተ። ንጹሕ ከሆኑ ዕድሜያቸው አለቀ፣ ጥፋተኛ ከሆኑ ሕዝቡ ፍርድ ሳያይ ጸጉሩ ሸበተ።

መራጩ ግን ምን አደረገ? ኖቬምበር 2012 ምርጫ ሲመለስለት ያንኑ ፒኤንፒን በ8 ለ7 መለሰው። በ2016 አወረደው፤ ፒዲኤም 10 ለ5 አሸንፎ ሻርሊን ካርትራይት ሮቢንሰን የመጀመሪያዋ ሴት ፕሪሚየር ሆነች። በ2021 እሷን ደግሞ አወረዳት፣ 14 ለ1። አዲሱ ፕሪሚየር ዋሺንግተን ሚሲክ የማይክል ወንድም ናቸው። በ2025ም ፓርቲያቸው ከ19 ወንበር 16ቱን ይዟል። አይታችሁ ትናደዱ ይሆናል። ግን ይኼ ሕዝብ መንግሥት ማውረድ ያውቅበታል። በአሥር ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አወረደ፣ አንድም ሰው ሳይሞት።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። ፖሊሱ ይመርምር፣ ዐቃቤ ሕጉ ከውጭ ይምጣ፣ ሂሳቡን ከለንደን የመጣ ሰው ይቆጣጠር፣ መሬት መስጠት ይቁም። ምክር ቤቱ ግን ክፍት ይሁን፣ ጥቂቶቹም ተቃዋሚዎች ቢሆኑ እዚያ ቆመው ይጩሁ። ካቢኔውን የመራው አገረ ገዥም በዚያው በኦልድ ችሎት ፊት እንደ ሚኒስትሮቹ ተቀምጦ፣ ያን ጊዜ ምን አየህ፣ ለምን ዝም አልክ ተብሎ በሕዝቡ ፊት ይጠየቅ።

ዘውዲቱ ከለንደን፦

የመጨረሻዋን ጥያቄ እኔም እፈርምባታለሁ። ስለ ጁሪው ነገ ረዘም አድርጌ እጽፍልሃለሁ፤ እዚያ ላይ ገና አልተስማማንም።